ስጨርስ

«ማነው ያጠፋው?»

ጆሮ ይህን ያለው ከለቀስተኞች መሃል ተቀምጦ ሲያጽናኑት ነው። ጎረቤታቸው ጡረተኛው አጠገቡ ሆነው ስለ መቻል እያወሩለት፣ እሱም የሚሰማ መስሎ ራሱን እየነቀነቀላቸው ነበር። ድንገት ነገሩ ገባው። ቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ጎድሏል። ከሳሎኑ ቀጥሎ ካለው የሥራ ክፍል ቀን ከሌት የሚሰማ፣ ሌላው ሰው ከቁብ የማይቆጥረው የኮምፒውተር ጉርምርምታ ነበር። ጆሮ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለት ሟቿ እህቱ ናት። ሥራው የፊልም ድምፅ ማዘጋጀት ነውና እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን አምልጦት ነበር። እህቱን ቀብሮ የመጣ ሰው ምን ይሰማል!

«ማነው ያጠፋው እኮ ነው የምለው!» ብድግ አለ።

ጡረተኛው ወሬያቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ሻይ የምታድለው ጎረቤት ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። ጆሮ በሰው እግርና በወንበር መሃል ተሹለክልኮ የሥራ ክፍሉን በር በረገደው። የእህቱ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በእጇ ጽፋ የለጠፈችው ብጣቂ ወረቀትም አለ፤ «የነካ ወዮለት!» ይላል። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ማሽን ግን ጭጭ ብሏል። ገመዱ ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ በወጉ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ ላይ በክር ታስሯል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። በዚህ ቤት የኤሌክትሪክ ገመድ በክር የሚያስር ሰው አንድ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቱ ከበሩ ላይ። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ሁለቱንም ያሳደገቻቸው እሷ ናት። «ከቀብር ስንመለስ ሬዲዮውንም ቴሌቪዥኑንም ሳጠፋ፣ እሱም ሲያጉረመርም ሰማሁት። በለቅሶ ቤት ምን ያጉረመርማል ብዬ ነው። እሷም አረፈች፣ እሱም ይረፍ ብዬ ነው የኔ ልጅ።»

ጆሮ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ገመዱን ሰካ። ማራገቢያው ዞረ። ቀጥሎ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፤ ትንሽ አረፈና እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ከዚያ ዝም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ዲስክ የለም የሚል አንድ መስመር ወጣ።

ያ ማሽን ለዓመታት ጠፍቶ አያውቅም። ዲስኩ አርጅቶ ነበር፤ ጠጋኙም አንድ ጊዜ አይቶት «ይሄ አንዴ ከቆመ መነሳቱን እንጃ» ብሏታል። ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ በዚያው ቀን ሥራውን ሁሉ ወደ ሌላ ይገለብጣል። የጆሮ እህት ደግሞ ዘዴዋ ሌላ ነበር፤ እንዳይቆም ማድረግ። መብራት ሲሄድ እንዲያቆየው ባትሪ ገዛችለት። ሙቀት ሲበረታ የራሷን ማራገቢያ ወደ እሱ አዙራ እሷ በላብ ትጠመቅ ነበር። ከቤት ስትወጣ ለሰው ቻው ማለት ብትረሳ እንኳ ማሽኑን ጎንበስ ብላ ሳታዳምጥ አትወጣም።

«ገደልሻት!» አለ ጆሮ ወደ አክስቱ ዞሮ። «አንዴ መሞቷ አልበቃ አለሽ? ስንት ዓመት ሙሉ አትንኩ ስትል አልሰማሽም? ማንበብ አትችይም?»

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። አክስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ሁለት ጎረቤቶች ብብቱን ይዘው ወደ በረንዳ አወጡት። ከኋላው ሹክሹክታው ተጀመረ።

«ለዕቃ ነው እንዴ እንዲህ የሚሆነው?»

«ተዪው፣ ሐዘኑ ነው።»

«ቢሆንስ! ያሳደገችውን ሴትዮ በሰው ፊት?»

አንድ የአጎቱ ልጅ ተከትሎት ወጣና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ፣ ዕቃ ይተካል። ዋናው ጤና ነው» አለው። ዋናው ጤና ነው! እህቱ ከተቀበረች ሳምንት ባልሞላው ቤት! ጆሮ እርር ድብን አለ። ጥርሱን ነክሶ መንገዱን ማየት ያዘ፤ አፉን ቢከፍት ሳይሰድበው የሚቀር ዘመድ እንደሌለ ያውቃል።

ዕቃ ያሉት ፊልሙን ነው። እህቱ ሥዕሉን ኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ እየሣለች፣ እሱ ድምፁን እየሠራ፣ ጉብዝናቸውን የጨረሱበት የካርቱን ፊልም። ታሪኩ ጡረታ ስለወጣ የከተማ አውቶቡስ ነው። ከመጋዘን ያመልጥና የድሮ ተሳፋሪዎቹን ቤት ለቤት እየዞረ ይጠይቃል። በር አንኳክቶ መግባት ያምረዋል፤ የሚገባበት በር ግን የለም። እህቱ ያንን አውቶቡስ ጎንበስ ሲል፣ ሲያፍር፣ በመስኮት አጮልቆ ሲያይ ስትሥል ራሷም አብራ ጎንበስ ትል፣ አብራ ታፍር ነበር። የአንዱ ተሳፋሪ እርምጃ አላምር ብሏት ሳምንት ሙሉ የተነጫነጨችበትን ጊዜ ጆሮ ያስታውሳል። ለሰው አታሳይም። ለአክስታቸው እንኳ «ሲያልቅ ታዪዋለሽ» ነበር መልሷ። የቀራት አንድ ትዕይንት ነበር።

በማግስቱ ማሽኑን ታቅፎ ጠጋኙ ዘንድ ሄደ። ጠጋኙ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ ነቀለውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሊነሳ ሲል የሚያነበው መርፌ ሁሉ ነገር የተጻፈበትን ሳህን ቧጥጦታል» አለ። «አልዋሽህም፣ አለቀለት። ከዚህ ወዲያ ሌላ ቦታ ወስደህም አትንከራተት። ቅጂ የላችሁም?»

«ድምፁ እኔ ጋ አለ። ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ።»

«ሥዕሉስ?»

ጆሮ ዲስኩን አንስቶ አገላበጠው።

«እኔ እኮ ነግሬያታለሁ! እዚችው ቆማ!»

«እኔም ነግሬያታለሁ። አዲስ ዲስክ ገዝቼ ሰጥቻታለሁ።»

«ታዲያ ምን አለችህ?»

ምን እንዳለችው ቃል በቃል ያስታውሳል። ገና ዲስኩን ከካርቶኑ ሳያወጣው በመሣያ ብዕሯ ጫፍ ወደ በሩ አሳየችው። «ይሄን ሁሉ ነገር ሲገለብጥ ይግላል፣ ይንጫጫል። መሃል ላይ ቀጥ ቢልብኝስ? አንድ ትዕይንት ነው የቀረኝ። ስጨርስ እንገለብጠዋለን። በል ውጣ፣ ፈሪ!» እሱም ወጣ። እሷን ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው የለም። ትናንት የጠረጴዛዋን መሳቢያ ሲከፍት ዲስኩን ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ አገኘው።

«ስጨርስ አለችኝ» አለ ለጠጋኙ።

ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን ሁሉ እየተቆጣ ሄደ፤ መጀመሪያ በአክስቱ፣ ቀጥሎ በአጎቱ ልጅ፣ ቀጥሎ በጠጋኙ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ የሚቆጣው ሰው አለቀበት። የቀረችው እሷው ነበረች። የሞተ ሰው ላይ መናደድ እንደዚያ የሚያቃጥል መሆኑን አላወቀም ነበር፤ ብትጮህበት አይሰማህ፣ ብትደበድብ አታገኘው።

ቤት ሲደርስ ለቀስተኛው ሳስቷል። አክስቱ ሳሎን ጥግ ብቻዋን ተቀምጣ የተዋሱትን ብርጭቆ በጨርቅ ታደርቃለች። ያን ሁሉ ስድብ ተሰድባ አልሄደችም።

«ተነሳ?» አለችው።

«አልተነሳም።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ይሄ እጄ ይቆረጥ» አለች። «በዚህ እጄ ነው የነቀልኩት። ባትለኝም አውቀዋለሁ።»

«አንቺ አይደለሽም።»

«እኔ ነኝ እንጂ...»

«አይደለሽም እኮ ነው የምልሽ!» ድምፁ ከፍ አለ። «እሷ ናት! ለመንኳት። ዲስክ ገዝቼ ደጅ ጠናኋት። ብትገለብጠው የአንድ ቀን ሥራ ነበር። አንድ ቀን! ግትር! ሰው የማትሰማ ግትር ናት! ብትሞትም ልንገርሽ፣ ግትር ናት!»

የሞተ ሰው አይሰደብም ብላ እንድትገሥጸው ጠበቀ። አክስቱ ግን ጨርቁን ጭኗ ላይ ጣለችው።

«ግትር ናት» አለች። «ለእኔ ትነግረኛለህ? እዚህ ጋ፣ ከጆሮዋ በላይ፣ በእጇ እየተጫነች ስታቃስት ክረምቱን ሙሉ አየኋት። ለወንድምሽ ንገሪው ስላት ሥራ ታስፈቺዋለሽ አለችኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ እግሯ ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?»

ጆሮ ስለ ራስ ምታቱ ሰምቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው መሣያ ብዕሯን እንደያዘች መውደቋን፣ ሐኪሞቹም የአንጎሏ ደም ሥር ነው ማለታቸውን ብቻ ነው። መልሱን ግን አላጣውም።

«ስጨርስ» አለ።

«ስጨርስ!» አለች አክስቱ፣ ጉልበቷን መትታ። «ምኑን ነው የምትጨርሰው? ምን አባቷን ነው የምትጨርሰው! ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ሲል እኔ እዚህ ተቀምጬ በሆዴ ስሰድባት ነው የሰነበትኩት። ኃጢአት ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ጆሮ አጠገቧ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊላት ፈልጎ አፉ አልታዘዝ ስላለው ብርጭቆ አንስቶ ማድረቅ ጀመረ።

«እኔ የምለው» አለች ቆይታ። «ፊልሙ ግን ምን ነበር? እንዲያው ሳላየው ቀረሁ።»

«ነዪ» አላት።

ክንዷን ይዞ ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባትና በግድግዳው በኩል ያለውን የራሱን ማሽን አበራ። ድምፁ ከነሙሉ ርዝመቱ አለ። ሥዕል የሌለው ፊልም ተጀመረ፤ ረዥም፣ ከባድ እስትንፋስ፣ ሲገባና ሲወጣ።

«አውቶቡሱ ነው» አላት። «መጋዘን ውስጥ ተኝቷል።»

አክስቱ ጆሮዋን አዘነበለች። «ምን አውቶቡስ ነው? ሰው እኮ ነው የሚያንኮራፋው!»

«አንቺ ነሽ። ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ቀዳሁሽ።»

«አንተ ባለጌ!» ትከሻውን መታችው፤ ሳቋና እንባዋ ተደባለቁባት። «ያወቀችው ነገር ነው?»

«እሷ ናት ቅዳት ያለችኝ።»

ፊልሙ ቀጠለ፣ ጆሮም እየተከተለ ነገራት። አሁን የመጋዘኑን አጥር ጥሶ ወጣ። አሁን መጀመሪያው ቤት ደረሰ፤ በጎን መስታወቱ ነው የሚያንኳኳው። አሁን ሰውየው አላወቀውም፣ በሩን ዘጋበት። አክስቱ «ወይ ነውር!» አለች፣ በሰውየው ተናዳ። ከዚያ ነፋስ መጣ። ነፋሱ ውስጥ መስኮት ተከፈተ፣ ትንሽ ደወል ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ አንድ ሰው በቀስታ ደረጃ ወረደ።

ጆሮ መንገሩን አቆመ።

«እዚህ ጋስ?» አለች አክስቱ።

ይህን ድምፅ የሠራው ድሮ ነው። ነፋስ፣ መስኮት፣ ደወል፣ ደረጃ ብላ አዘዘችው፣ ሠርቶ ሰጣት። ሥዕሉንም አይቶታል፤ ግን ማን ነበር የሚወርደው? ሴትዮዋ ናት ወይስ ልጁ? ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ጠፋበት።

«እታለም፣ እዚህ ጋ ማነው...» አለና ወንበሩን አዙሮ መስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛዋ ዞረ።

አክስቱም መልሱን ለመስማት አብራው ዞረች።