ግራ ነዳጅ፣ ቀኝ ፍሬን

የባሌን ታናሽ ወንድም ሰፈሩ «ጥይት» ይለዋል። በመኪና ውድድር የሚደርስበት ስላልነበረ ነው። ቀኝ እግሩን ያጣው ግን በውድድር አይደለም፤ ዳቦ ሊገዛ መንገድ ሲሻገር ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና ወጣበት። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ያን ሁሉ ኩርባ እየበረረ ታጥፎ ምንም ሳይነካው፣ ለዳቦ ብሎ! እስከ ዛሬ ሳስበው ያበግነኛል።

ከሆስፒታል እንደወጣ ለባሌ የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ካልነዳሁ እኔ የለሁም።» ባሌ ደግሞ መካኒክ ነው፤ ታናሹ ሲያለቅስ ማየት የማይችል መካኒክ።

አንዲት አሮጌ መኪና አምጥቶ አጥንቷ እስኪቀር ገፈፋት። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ከእግር አንስቶ በጣት የሚሳብ አደረገው፤ መሳቢያውን የነቀለው ከብስክሌት ነው። ነዳጅ መስጫውን ደግሞ ከፍሬኑ በስተግራ አሻገረው። በሌላው መኪና ሁሉ ነዳጅ በቀኝ፣ ፍሬን በግራው ነው፤ በዚህች ተገለበጠ። «ቀኝ እግሩ የሚያውቀውን ለግራ እግሩ በመስታወት እንደማሳየት ነው» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። ጎበዝ ነው። ይህን አልክድም።

ሳይሞክር ግን ለወንድሙ አይሰጥም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና፣ የራሱን ቀኝ እግር ከወንበሩ ጋር የሚያስር ሰፊ ቀበቶ አሰፋኝ። «ነፃ ከለቀቅኩት ያጭበረብራል» ይላል። ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አስረዋለሁ፤ እሱ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ይዞራል፣ ይወርዳል፣ ፔዳሉን በጣት ስፋት ያስጠጋል፣ እንደገና ይታሰራል። መጀመሪያ ላይ እየተምታታበት የአሮጌ ጎማ ክምር ውስጥ ሲገባ እኔና ጥይት በሳቅ እንፈርስ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ መሳሳቱን ተወ። የኔ ፍርሃትም ያን ጊዜ ጀመረ።

የቤታችን መኪና ማርሿን ራሷ የምትቀይር፣ ሁለት ፔዳል ብቻ ያላት ናት። አንድ ቀን መብራት ይዞን መቆም ሲገባት ወደፊት ዘለለች፤ ከፊታችን የቆመውን ታክሲ ልትገጭ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሌላ ቀን ግቢያችን ውስጥ የውሃ በርሜሉን ጨፈለቀችው። ሁለቱንም ጊዜ «ጫማዬ አንሸራቶኝ ነው» አለ ባሌ።

«እግርህ ተምታቶበታል፤ ያቺ እስክታልቅ ይህችን አትንዳ» አልኩት።

«ስንት ዘመን የነዳኋትን?»

«አዎ።»

«አንቺ ደግሞ! ያንቺ ስፌት መኪና ፔዳሉ አንድ ስለሆነ ሁለት ሲሆን ያስፈራሻል።»

ይስቃል። ቁልፉን ብደብቅበት ሌላ አለው። እኔ መንዳት አልችልም። ለጥይት ብነግረው «እትዬ፣ ጋሼ ፔዳል ከጠፋውማ ዓሣም ዋና ይጠፋዋል!» ብሎ አሾፈብኝ። የቀረኝ ከጎኑ አለመለየት ነበር። ገበያም ይሂድ ለቅሶ፣ ገብቼ እቀመጥና ምንም በሌለበት ወለል ላይ በእግሬ ፍሬን እይዛለሁ። ቤት ስንደርስ ባቴ ዝሎ ይንቀጠቀጣል።

ጥይት ዳግም የሚወዳደርበት ዕለት ማለዳ ያቺ መኪናው ታጥባ፣ ተሳቢ ላይ ተጭና ትጠብቃለች። የቀረው የኛን መኪና ወደ ኋላ አስጠግቶ ከተሳቢው ጋር ማያያዝ ነው። ጥይት የሰፋሁለትን ቀይ ቱታ ለብሶ፣ ክራንቹን ተደግፎ፣ በተሳቢውና በመኪናችን መሃል ቆመ። እኔ እንደ ልማዴ ከባሌ ጎን ገብቼ ተቀምጫለሁ።

«አንተ! ከዚያ ውጣ፣ በጎን ሆነህ ንገረው!» አልኩት በመስኮት ብቅ ብዬ።

«አይዞሽ እትዬ፣ ጋሼ እኮ ነው የሚነዳው!»

«ውጣ አልኩህ!»

«ኧረ አትረብሺን» አለ ባሌ፣ መስታወቱን እያየ።

ጥይት መጥራት ጀመረ። «ና… ና… ና… ትንሽ… በቃ!»

እኔ ወለሉን ረገጥኩ። እሱም ረገጠ፤ የቀኙን ፔዳል። መኪናዋ ወደ ኋላ ተወረወረች። «ግራ! ግራ!» ብዬ ጮህኩ። ለእሱ ግን ግራ ማለት ነዳጅ ነው፤ የቀኙን ይበልጥ ተጫነው። ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ቁልፉ ላይ ተወርውሬ።

በመኪናችንና በተሳቢው መሃል የተያዘው የጥይት ግራ እግር ነው። ያ አንድ የቀረው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ እግሩ ግን አልተረፈም። ተሳቢው ላይ ያለችው መኪና ጭረት እንኳ አልነካትም።

ባሌ ሆስፒታል ደርሶ ክፍሉ መግባት አቃተው። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ እህል አይቀምስም። ጥይት ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው «ጋሼስ?» ብሎ ነው። እጁን ጎትቼ አስገባሁት። ጥይት አየውና ሁለት እጆቹን ከአንሶላው ላይ አነሳ።

«እነዚህ አሉ አይደል? ነዳጁንም ፍሬኑንም ወደዚህ አምጣልኝ።»

በቃ ልላቸው ፈለግሁ። አብዳችኋል ብዬ ልጮህባቸው ፈለግሁ። ባሌ ግን ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ፤ ያን ሳይ ተውኩት።

አሁን ነዳጁም ፍሬኑም መሪው ላይ ነው፤ አንዱ በግራ ጣት፣ አንዱ በቀኝ። የቱ በየት በኩል እንደሆነ አልጠየቅኩም። ባሌ የቤታችንን መኪና አይነካትም፤ የትም የምንሄደው በእግራችን ነው። ትናንት ከሰዓት ወደ ጋራዡ ጠራኝ። ሄጄ ሳይ ያቺ የጥይት መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። እጠላታለሁ፤ ከመኪና ሁሉ እሷን እጠላታለሁ። ሁለተኛውን ቀበቶ በጠራራ ፀሐይ፣ ለምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ በገዛ እጄ ነው የሰፋሁት። ተንበርክኬ ቀኝ እግሩን አሰርኩ፤ ቀጥሎ ግራውን።

«ጠበቅ አድርጊው» አለኝ።

አጠበቅኩት።