የጋልጋሎ ከብቶች ደህና ናቸው

ዶክተር ከተማ በነገሌው ጉባኤ ላይ የትኛውን ንግግር እንደሚሰማ ለመምረጥ ያጠፋው ጊዜ፣ ንግግሮቹን በሙሉ ቁጭ ብሎ ለመስማት ይበቃው ነበር። ምን ያድርግ፣ የዋህ አልነበረም። ንግግር በርእሱ ይመረጣል ብሎ የሚያስብ ገና ትናንት ነጭ ጋውን የለበሰ ተማሪ ነው። እሱ ግን የአእምሮ ሕክምና ሊማር ከአንድ ትልቅ ሐኪም ሥር ገብቶ ዓመታት ስላስቆጠረ፣ ንግግር የሚመረጠው በተናጋሪው እንደሆነ ገብቶታል።

ዘመኑ 1965 ነው፤ ዝናቡ ወቅቱን እየዘለለ፣ ከሊበን እስከ አሬሮ ከብቱ ያለቀበት ዓመት። በዚያ ዓመት ነው እንግዲህ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የተሰበሰቡ ሐኪሞች ስለ ጭንቀት ሊወያዩ አቧራቸውን እያራገፉ ነገሌ የገቡት። ወጪውን የቻሉት ፈረንጆች «ጉባኤው በሕዝቡ መሃል ይሁን» ብለው ነበርና በሕዝቡ መሃል ሆነ። ሕዝቡ አልተጠራም እንጂ ዙሪያውን ነበር። ሊናገር የመጣው ሰው ብዙ፣ ሊሰማ የመጣው ጥቂት ስለሆነ፣ በአንድ ሰዓት ሦስት ንግግር በሦስት ቦታ ተደለደለ፤ አንዱ በመኮንኖች ክበብ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በጤና ጣቢያው አዳራሽ።

ከተማ የዚያው የነገሌ ልጅ ነው። አባቱ ከጎጃም በውትድርና መጥተው እዚያው የቀሩ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ እሱም በጦር ሰፈሩ አጥር ሥር፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ ደጅ በኦሮምኛ እየተቆጡት ያደገ ነው። አለቃው ዶክተር ወልደገብርኤል አስከትለውት የመጡትም «አገሩን ያውቃል» ብለው ነው። በዚያ ዓመት ከሠልጣኞቹ አንድ ሰው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ይላካል፤ የሚመርጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ተፎካካሪው ደሳለኝ ይባላል። ደሳለኝ አለቃው ገና ሳያስነጥሱ «ይማርዎ» የሚል ሰው ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከተማ ወደ ክበቡ ሲገባ እማማ ጉያቱ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። በልጅነቱ ለእናቱ ወተት ያመጡ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ጋልጋሎም ከብትን በቀለሙና በቀንዱ ለይቶ መጥራት ያስተማሩት ሰው።

«ናጋ?» አሉት።

«ናጋ» አላቸው፤ ሰላም ማለት ነው። ከዚያ እንደ ወጉ ቀጠሉ፤ ቤቱ ሰላም? ሰላም። ልጆቹስ? ሰላም። ከብቶቹ? ሰላም። ዝናቡ? ሰላም። ይህ ሰላምታ በቦረና ሌላ መልስ የለውም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ ሲጠየቅ ቤቱ ሰላም ነው ይላል። ሰላምታው በሰላም ከተዘጋ በኋላ ነው ሰው ቁጭ ብሎ ችግሩን የሚያወጣው። ከዚያ በፊት ሐዘንን መዘርገፍ ነውርም ነው፣ መዓት መጥራትም ነው።

እማማ ጉያቱም ሁሉን ሰላም ብለው ከጨረሱ በኋላ ነገሩን አወጡት። ከብቶቹ አልቀዋል፤ አንዲት ጥጃ እንኳ አልቀረችም። ጋልጋሎ ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እየሄዱ በባዶው በረት በር ላይ ይቀመጣሉ፤ እህል እምቢ፣ ወሬም እምቢ ብለዋል። ጤና ጣቢያ ቢወስዷቸው ዛሬ ፈረንጁ ፕሮፌሰር በሰው ፊት ያያቸዋል ተባለ።

«አንተ እዚያ ትገኛለህ አይደል?» አሉት። «ለማያውቀው ሰው ሆዱን አይሰጥም።»

«እገኛለሁ፣ እማማ» አለ ከተማ፤ ሲለውም ከልቡ ነበር።

ከልቡ የሆነው መርሐ ግብሩን እስኪያይ ነው። ጋልጋሎ በጤና ጣቢያው በሚታዩበት ሰዓት ዶክተር ወልደገብርኤል በክበቡ ይናገራሉ። ርእሳቸው «ሕመምተኛን ማዳመጥ» ይላል።

ከተማ ተጨነቀ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላልና መጀመሪያ ያሰበው ሰዓቱን ለሁለት መክፈል ነው፤ እኩሌታውን እዚህ፣ እኩሌታውን እዚያ። ነገር ግን አለቃው የመጣን ሰው ባያስታውሱም የወጣን ሰው አይረሱም። ቀጥሎ አስተርጓሚው ማን እንደሆነ ጠየቀ። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ አብዱልሃሚድ ነው አሉት፤ ኦሮምኛውንም እንግሊዝኛውንም እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ። እንግዲያው እኔ ምን እሠራለሁ አለ በልቡ። ደግሞስ ሕመምተኛን ማዳመጥ በደንብ ቢማር ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙት እንደ ጋልጋሎ ያሉት አይደሉም ወይ? እንዲህ እያለ ራሱን ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ለጋልጋሎ ሲል የአለቃውን ንግግር መረጠ።

ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዶክተር ወልደገብርኤል ሐኪም የሕመምተኛውን ዓይን ማየት አለበት የሚለውን ክፍል ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ አነበቡ። በመጨረሻ ጥያቄ ያለው ሲባል ከተማ እጁን አወጣ። የማዳመጥ ችሎታ በተፈጥሮ የሚሰጥ ነው ወይስ እንደ እርስዎ ባለ ድካም የሚገኝ ነው ብሎ ጠየቀ። አለቃው ጥያቄው ደስ አላቸውና ሰዓቱ እስኪያልቅ መለሱለት። ደሳለኝ ከንፈሩን ነከሰ፤ ከተማም እውነት ለመናገር በዚያች ሰዓት ደስታው ልክ አልነበረውም።

በጤና ጣቢያው አዳራሽ ደግሞ ሌላ ደስታ ነበር። አብዱልሃሚድ የተባለውን ብቻ እንዲተረጉም፣ ከራሱ አንዲት ቃል እንዳይጨምር አጥብቀው አስጠንቅቀውት ነበርና አልጨመረም። ፕሮፌሰሩ ጨዋ ሰው ስለነበሩ በሰላምታ ጀመሩ። ደህና ነዎት? ደህና ነኝ አሉ ጋልጋሎ። ቤተሰብዎስ? ደህና። ከብቶችዎ? ደህና ናቸው። ፕሮፌሰሩ ከብቶቹ በሙሉ እንዳለቁ ቀድመው ተነግሯቸዋልና ወደ ተሰብሳቢው ዞረው ቅንድባቸውን አነሱ። እስቲ እንደገና ጠይቀው፣ ከብቶቹ ሁሉም ደህና ናቸው? ሁሉም ደህና ናቸው። ዝናቡስ? ደህና ነው።

ጋልጋሎ ሰላምታው አልቆ ዋናው ነገር እስኪጠየቅ ይጠብቁ ነበር። ብዙ ተጠይቀው ዝም ማለት ደግሞ ስለማያምርባቸው እሳቸውም በተራቸው ፕሮፌሰሩን ጠየቁ፤ የእርስዎስ ከብቶች ደህና ናቸው? አዳራሹ አጉረመረመ። ይኸውላችሁ አሉ ፕሮፌሰሩ፣ አሁን ደግሞ ለእኔም ከብት ሰጠኝ። በዚህ መሃል ደወል ተደወለና ሰዓቱ አለቀ።

ሻይ ሲጠጣ ፕሮፌሰሩ ይህን ሁሉ ለዶክተር ወልደገብርኤል እያጫወቱ ነበር። ሰውየው ከእውነት ጋር ተለያይቷል፤ እንዲህ የጠራ ምሳሌ በስንት ዓመቴ ነው ያየሁት አሉ። ነገ ከእንግዶቹ ጋር ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባና በኤሌክትሪክ ይታከማል። ከተማ ብርጭቆውን ይዞ እዚያው ቆሟል። አለቃው ዞር አሉ።

«ከተማ፣ አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ። ምን ትላለህ?»

መልሱ አፉ ውስጥ ነበር። ይህ ሰላምታ ነው እንጂ ሕመም አይደለም፣ ገና አልተጠየቁም ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን ፕሮፌሰሩ እንግሊዛዊ ናቸው፤ ከተማ ሊሄድበት የሚመኘው ትምህርት ቤትም እሳቸው የሚያስተምሩበት ነው።

«በጣም የሚያስተምር ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ያሉትን ንግግሮች ሳይመርጥ ባገኘው ወንበር ተቀምጦ አሳለፈ፤ ማን ምን እንዳለም አልሰማም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወደ ማታ አካባቢ አለቃውን በክበቡ በረንዳ አገኛቸውና ነገሩን ከሥሩ ነገራቸው። የሰላምታውን ወግ፣ የጋልጋሎን ማንነት፣ ሁሉንም።

ዶክተር ወልደገብርኤል እስኪጨርስ አዳመጡት። ማዳመጥስ ያውቁበታል።

«አንተ በምርመራው ላይ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«የት ነበርክ?»

«በእርስዎ ንግግር ላይ።»

«አውቃለሁ፤ አይቼሃለሁ፤ ሁሉም አይቶሃል። ታዲያ ያልተገኘህበትን ምርመራ በምን አፍህ ትሽራለህ? የነበረው ሁሉ በዓይኑ አይቷል፤ አንተ ከውጭ ሆነህ አይደለም ብትል የሚሳቀው በእኔ ነው። ሐኪም ባልነበረበት አይመሰክርም።» ከዚያ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው የጠዋቷ ጥያቄው መልካም እንደነበረችና ለእንግሊዝ አገሩ ስሙን እንደሚያስተላልፉ ነገሩት። ከተማ እጅ ነሣ። እንግዲያው ነገ ጠዋት አብረን እናናግራቸው ማለት ይችል እንደነበረ ትዝ ያለው ከበረንዳው ከወረደ በኋላ ነው፤ ተመልሶ ግን አልወጣም።

በነጋታው መኪኖቹ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ተሰለፉ። ጋልጋሎን ከኋለኛው ላንድሮቨር አሳፈሯቸው። እማማ ጉያቱ አብሬ ልሂድ ቢሉ የቀረው ቦታ የጉባኤው ወረቀት የተጫነበት ነው ተባሉ። ጋልጋሎ ከመኪናው ውስጥ ከተማን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ።

«ከተማ፣ ናጋ?»

«ናጋ፣ አባባ።»

«ሥራህ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ጉባኤው ናጋ?»

«ናጋ» አለ ከተማ። በፕሮፌሰሩ መለኪያ ቢሆን እሱም ከኋላ መሳፈር ነበረበት፤ ለእሱ ግን ከፊት ቦታ ተይዞለታል።

ሰላምታው አለቀ። ጋልጋሎ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ዋናውን ነገር ሊያወጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ምን እንዳሉ ከተማ አልሰማም። መኪናውም አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

ከተማ ወደ ራሱ መኪና ከመግባቱ በፊት ወደ እማማ ጉያቱ ዞረ። ሌላ የሚለው ነገር ስላጣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን አለ።

«እማማ፣ ናጋ?»

መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ከብቱ ያለቀበትም ይመልሰዋል። እማማ ጉያቱ ፊቱን አዩት፣ ነጠላቸውን አጣፉና ሳይመልሱለት ሄዱ።