አንገቱ ላይ ፌስታል ያልታሰረበት ጠርሙስ

አይ፣ እትዬ እንደሆነች ሁሌም ታማርራለች፣ ትናንት መጥረጊያው ሳሳ አለች፣ ከትናንት ወዲያ ውሃው ቀዘቀዘ አለች፣ አሁን ደግሞ በልጆቹ ክፍል በር ብቅ ብላ፣ አንተ ልጅ፣ ያ የቀዳህልኝ በረኪና ምን ነክቶታል፣ ሽንት ቤቱን ባሸው ባሸው እድፉ ወይ ፍንክች፣ ብላ ባልዲዋን አንጠልጥላ ሄደች፣ በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አላለችም፣ እኔ ግን ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ስዕል ደርቄ ቀርቻለሁ።

ወይ ፍንክች።

ቀስ በል እስቲ። ጠዋት ምን አደረግክ። ሁለት ጀሪካን፣ ሁለት ባዶ የውሃ ጠርሙስ። ከአንዱ ጀሪካን ለእትዬ በረኪና፣ ከሌላው ለሚስ ለሳይንስ ትምህርቷ አቼቶ፣ ሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ ከገቡ ውሃ ነው የሚመስሉት፣ ለዚህ እኮ ነው እትዬ ገና እዚህ መዋዕለ ሕፃናት ሥራ በገባሁበት ቀን፣ ስማ፣ በረኪና የያዘ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ፌስታል ይታሰርበታል፣ ማንበብ የማይችልም ይለየዋል፣ ብላ ጆሮዬን ይዛ የነገረችኝ። እኔም አሰርኩ። ማሰሩንስ አስሬያለሁ፣ ጥቁር ፌስታል፣ ሁለቴ ቋጥሬ፣ ግን መቼ ነው ያሰርኩት፣ ከመቅዳቴ በፊት ነው ከቀዳሁ በኋላ፣ ስልኩ በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ተወሽቋል፣ ጓደኛዬ ስለ ማታው ጨዋታ ይለፈልፋል፣ ባዶ ጎል እኮ ነው ወንድሜ፣ እናቴ ራሷ አትስተውም፣ ሲለኝ ከት ብዬ ስቄ ጠርሙሱ ከእጄ አምልጦ ተንከባለለ፣ አነሳሁት፣ የቱን ነው ያነሳሁት። ፌስታሉ ገና ሳልቀዳበት ባዶው ላይ ታስሮ ነበር። ባዶው ላይ።

ታዲያ የትኛውን ቀዳሁበት።

ሚስ እየሳቀች ነው፣ አስተማሪ ሆና እንደ እሷ የምትስቅ አይቼ አላውቅም፣ ከፊት ለፊቷ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ የእኔ ተራራ ቆሟል፣ ሦስት ቀን ሙሉ በጋዜጣና በኮላ የሠራሁት፣ ቡናማ ቀለም የቀባሁት፣ አናቱ ላይ ለአፍ የሚሆን ጣሳ የቀበርኩበት፣ ጣሳው ውስጥ አቼቶ ሲነካው የሚገነፍል የዳቦ ሶዳ አለ፣ ቀይ ቀለም አለ፣ ልጆቹ ዙሪያውን በትንንሽ ወንበሮቻቸው በሁለት ረድፍ ከበውታል፣ የላስቲክ ሽርጣቸው ሲነቃነቁ ይንኮሻኮሻል፣ እያንዳንዳቸው የላስቲክ ኩባያ ይዘዋል፣ እኔ አፍስሼ አላሳያችሁም፣ እናንተ ናችሁ የምታፈነዱት፣ ትላለች ሚስ፣ ሳይንስ በእጅ ነው፣ ትላለች፣ ከዚያ ጠርሙሱን ታነሳለች፣ ፌስታል የሌለበትን፣ ክዳኑን ትከፍተዋለች።

ሚስ፣ እሳተ ገሞራው ያቃጥላል? ይላል ያ ጥያቄ የማያልቅበት፣ ጠበቃው ብዬ ስም ያወጣሁለት።

አያቃጥልም የኔ ጌታ፣ የውሸት ነው።

የውሸት ከሆነ ለምን ሽርጥ ለበስን?

አሁን ባልፈራ ኖሮ በሳቅ እፈርስ ነበር። ታሽተው፣ በእናትሽ አሽቺው፣ አንዴ ወደ አፍንጫሽ አስጠጊው፣ ግን ምን አፍንጫ አላት፣ ልጆቹ ሲያስነጥሱብን ከርመው ጉንፋኑን አዳረሱን፣ እሷ በአፏ ነው የምትተነፍሰው፣ እኔም ያው፣ ደግሞ አፍንጫ ቢኖረንስ፣ ይሄ ክፍል በየጠዋቱ በበረኪና ነው የሚታጠበው፣ ግድግዳው ራሱ በረኪና በረኪና ይላል፣ ማን ይለየዋል።

አንደኛው ኩባያ ላይ አፈሰሰች። ሁለተኛው ላይ። የተቀዳለት ተነስቶ ተራራው ፊት ይሰለፋል።

ምናልባት እትዬ ውሃ አብዝታበት ይሆናል። ምናልባት እድፉ የቆየ ነው፣ ያ ሽንት ቤት እኮ ከእኔ በፊት የነበረ ሽንት ቤት ነው፣ እሱን እድፍ ሲሚንቶ ሰባሪም አያስለቅቀውም። ምናልባት ሁሉም በቦታው ነው፣ እኔ ነኝ ከንቱ፣ ተነስቼ ሚስ ቆይ ብላት ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየኛል፣ ዳይሬክተሯ ጋ ይደርሳል፣ ዳይሬክተሯ ደግሞ ገና ስትቀጥረኝ ከላይ እስከታች አይታኝ፣ ትምህርትህን ስምንተኛ ላይ አቋርጠህ ምን ስትሠራ ነበር፣ ስትለኝ፣ እዚህም እዚያም፣ አልኳት፣ እዚህም እዚያም የሚባል የሥራ ልምድ አላውቅም፣ አለች፣ ለእህትህ ብዬ ነው፣ አንድ ጥፋት ብቻ፣ አለች። እህቴ ደግሞ በር ላይ ስንወጣ ክንዴን ቆንጥጣ፣ ልጄ የምትማርበት ቤት ነው፣ አንገቴን እንዳታስደፋኝ፣ ነው ያለችኝ። ልጇ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ አይደለም፣ የት ሄደች፣ ከወንበሯ ላይ የለችም።

ሰልፉ ጫፍ ላይ ናት። አንደኛ። ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ምላሷን አውጥታ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች።

ያ ከተረጨ ዓይኗ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ተራራው ቁመቱ እስከ አገጯ ነው፣ እኔው ነኝ በልኳ የሠራሁት፣ እንዲታያት ብዬ፣ የእትዬን እጅ አይቼዋለሁ፣ በረኪና የላጠው መዳፍ፣ የትልቅ ሰው እጅ እንዲያ ከሆነ ያቺ ዓይን፣ ዝም በል፣ አታስበው። አራተኛው ኩባያ። ሚስ ልላት አፌን እከፍታለሁ፣ ድምፅ የለም፣ ሰፈር ውስጥ ፖሊስ ፊት ቆሜ በምላሴ የማመልጥ ልጅ ነኝ፣ አሁን ምላሴን ማን ቆለፈው፣ እግሬስ፣ እግሬ ግን ይሄዳል፣ ይኸው እየሄደ ነው፣ የአንዱን ወንበር ገጨሁ፣ ጋሼ ረገጥከኝ፣ ይቅርታ የኔ ወንድም፣ አልፌዋለሁ፣ እጄ የእህቴን ልጅ ኩባያ ይዟል።

አጎቴ፣ የኔ ነው!

አውቃለሁ፣ አንዴ አውሺኝ።

ተራ ያዝ! ይላል ጠበቃው ከኋላ። ሰልፍ አለ እኮ!

ሚስ ታየኛለች፣ ገና ፈገግታዋ ከፊቷ አልወረደም፣ ምን ሆነሃል፣ ትላለች፣ ጠርሙሱ እጇ ላይ ነው፣ እኔም ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ብቀምሰው፣ አይ አልቀምሰውም፣ ልጆቹ ያዩኛል፣ እኔ ያደረግኩትን ሁሉ ነው የሚያደርጉት፣ ባለፈው አንዴ ሳፏጭ ሳምንት ሙሉ ሲያፏጩ ከረሙ። ሱሪዬ። ሱሪዬ ጥቁር ነው። የኩባያውን ግማሽ ጉልበቴ ላይ እደፋዋለሁ።

መጀመሪያ ጉልበቴን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። ከዚያ በአንድ ላይ ሳቁ፣ ሸናበት! አለ አንዱ፣ ትልቅ ሆኖ ሸና!

እኔ አልስቅም፣ እኔ ጉልበቴን ነው የማየው፣ እርጥብ ጥቁር፣ እርጥብ ጥቁር ብቻ፣ ቀዝቅዞኛል፣ ጥቁር ነው አሁንም፣ አቼቶ ነው፣ አየህ አቼቶ ነው፣ ፋራ፣ በከንቱ ራስህን አዋረድክ፣ አሁን ቀልድ ነበር ብለህ ኩባያውን መልስላት፣ ሳቅ በል፣ ሚስ ዛሬ ሙዴ ነው በላት፣ በቃ ያልፋል፣ ጥቁር ነው፣ ጥቁር ነው፣ ጠርዙ ላይ ምንድነው እሱ፣ ብርሃን ነው፣ ከመስኮቱ ነው፣ ቆይ። ጠርዙ ላይ ዝገት። ከጠርዙ ወደ ውስጥ፣ እየሰፋ፣ ጥቁሩን እየበላ፣ ብርቱካን መሰለ።

ዋው! ይላሉ። እንደገና! እንደገና!

ያጨበጭባሉ። እውነት ያጨበጭባሉ፣ ለእነሱ ይሄም ሳይንስ ነው፣ ጠበቃውም ጣቱን ኩባያው ውስጥ ሊነክር ነው፣ ይሄኔ ነው ድምፄ የመጣው፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጣትህን! ኩባያ መሬት! ሁላችሁም፣ ኩባያችሁን መሬት፣ እጃችሁን ወደ ላይ! እንደ ጨዋታ ያደርጉታል፣ እጆች በሙሉ ወደ ላይ፣ አንዷ ግን ከንፈሯ ተንቀጥቅጦ ማልቀስ ጀመረች፣ ጮኼባት ነው፣ ይቅር በይኝ።

ምንድነው? ትላለች ሚስ። አሁን ፈገግታው የለም።

ጓደኛዬ ነው በስልክ ያሳሳተኝ፣ አቼቶውን የሸጠው ባለሱቅ ነው፣ እትዬ ናት የቀየረችው፣ ሦስቱም ሰበብ ተሰልፈው መጡ፣ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው፣ እትዬ ብል ያምኑኛል፣ አሮጊት ናት፣ ዓይኗም ደክሟል፣ ያምኑኛል።

በረኪና ነው ሚስ። እኔ ነኝ የቀያየርኩት። በናትሽ ልጆቹን አውጪልኝ።

ፊቷ ሲነጣ አየሁት፣ ጠርሙሱን እንደ እባብ ወርውራ አልጣለችውም፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ ክዳኑን ገጠመችው፣ ልጆች፣ አለች፣ ወደ ቧንቧው በሰልፍ፣ ዓይኑን የሚነካ የለም፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም፣ እንዴት አድርጋ ነው።

ግቢው ውስጥ ረጅሙ መታጠቢያ ጋ ቁጢጥ ብያለሁ፣ ውሃው በረዶ ነው፣ አንድ በአንድ ይመጣሉ፣ ገልብጥልኝ እስቲ መዳፍህን፣ ይቆጠቁጣል ወይ፣ አይቆጠቁጥም፣ አፍህ ውስጥ አስገብተሃል፣ አላስገባሁም ጋሼ፣ እውነትህን ነው፣ እውነቴን ነው፣ ሳሙና፣ በጣቶችህ መሃል፣ ሂድ። የእህቴ ልጅ እጇን አልሰጠችኝም፣ አኩርፋለች፣ እኔ ነበርኩ አንደኛ፣ አለችኝ፣ እያለቀስኩ ይሁን ጉንፋኑ ይሁን አላውቅም፣ ዓይንሽን ወደ እኔ፣ ሰፋ አድርጊው፣ ነጩ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ተመስገን። ከኋላዬ የዳይሬክተሯ ጫማ ሲሚንቶውን ቋ ቋ እያደረገ ይመጣል፣ ወደ እኔ ነው፣ ሚስ የሆነ ነገር ትነግራታለች፣ አልሰማም፣ ጫማው ቆመ፣ ቀና ብል ፊቷን አያለሁ፣ ቀና አልልም፣ ገና ሰልፍ አለ፣ ገና ስድስት ሰባት እጅ አለ፣ ቀጣይ፣ ና የኔ ጌታ፣ እጅጌህን ልሰብስብልህ።