ሰሌዳው ላይ ያልነበረው

አሥራ ሁለቱን ኃጢአቶች ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ በገዛ እጄ ነው።

በካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የሃይማኖት ትምህርት ሳስተምር ይኸው አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ለመጀመሪያ ኑዛዜና ለመጀመሪያ ቁርባን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ታዲያ መናዘዣው ውስጥ ተንበርክከው "ረሳሁት" እያሉ የሚያለቅሱ አይጠፉም። ዘንድሮ መላ አገኘሁለት ብዬ ኮራሁ። ቁጥር አንድ፣ ለእናትና ለአባት አለመታዘዝ። ቁጥር ሁለት፣ ወንድምን ወይም እህትን መምታት። ቁጥር ሦስት፣ የቤት ሥራ መኮረጅ። እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ቁጥር አሥራ ሁለት "ሰብሮ መካድ" የሚል ነበር። እሱን ስጽፍ ዘወር ብዬ ርችትን አየኋት።

ርችት የወጣላት ስም ነው። ሳትጠየቅ ትመልሳለች፣ ሳትጠራ ትነሳለች፣ ወንበር ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተቀመጠች አሞኛል ትላለች። በሆዴ እወዳታለሁ፤ በአፌ ግን ቀኑን ሙሉ ስቆጣት ነው የምውለው። ከሦስት ሳምንት በፊት የክፍላችን መልአክ ክንፉ ተሰበረ። ይህ መልአክ መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ የሚቆም፣ ክንድ የሚያህል የጀሶ ምስል ነው፤ ከእኔ በፊት ያስተምሩ የነበሩት ሲስተር ጡረታ ሲወጡ "አደራሽን" ብለው ትተውልኝ ሄዱ። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ግራ ክንፉ ተገንጥሎ ከአበባው ማስቀመጫ ጀርባ ተወሽቋል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ርችት ክፍል ውስጥ ኳስ ስታነጥር ይዣት ኳሱን ቀምቻታለሁ። ታዲያ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

"እኔ አይደለሁም ቲቸር" አለች።

"ሰበርሽ፣ አሁን ደግሞ ዋሸሽ" አልኳት፤ በዚያው ፋይሉን ዘጋሁ።

በቁርባኑ ቀን ሰልፉን እየመራ ትልቁን ሻማ የሚይዘው ልጅ በዕጣ ነው የሚለየው፤ ዘንድሮ ዕጣው የወጣው ለርችት ነበር። ከእጇ ወስጄ ለክፍል አለቃዋ ሰጠሁት። አለቃችን ደብተሯ ላይ ስርዝ ድልዝ የማይገኝባት፣ ጠመኔ ሲያልቅ ሳልነግራት የምታመጣ፣ ከትምህርት በኋላ ቀርታ መደርደሪያውን የምትወለውል ልጅ ናት። ሻማውን ስሰጣት እጇ ተንቀጠቀጠ። ከደስታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አራቱን ልጆች አሰልፌ ወደ ጸሎት ቤቱ ወሰድኳቸው። አባ ገና ወጣት ናቸው፤ ወደ ቁምስናችን ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። መናዘዣው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ሰልፉም መንቀሳቀስ ጀመረ። ያለቀሰ የለም፣ "ረሳሁት" ያለ የለም፣ አንዱም ከሁለት ደቂቃ በላይ አልቆየም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ራሴን እያመሰገንኩ ነበር። ከኋላዬ ሹክሹክታ ሰማሁ።

"ስንቱን አልክ?"

"አሥራ ሁለቱንም!"

"እኔ ሰባተኛውን ዘለልኩ። ተመልሼ ልጨምር እንዴ?"

ለእናቱ አንድ የሆነው ልጅ ደግሞ ወንድሙን መምታቱን ተናዞ መምጣቱ ነው። ጓደኛው "አንተ ወንድም የት አለህና?" ቢለው፣ "ቢኖረኝ መምታቴ ይቀራል?" ብሎ መለሰለት።

ክው አልኩ። ልጆቹ የራሳቸውን አልነበረም የተናገሩት፤ የእኔን ዝርዝር እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸምድደው ነው ያነበነቡት። አባ እዚያ ውስጥ ተቀምጠው አንዱን ቃል ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሰምተዋል ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ገና ማፍሰሴ ነበር፣ መልቀሙ አልተጀመረም።

ስቆጥር አንድ ልጅ ጎደለ። አለቃችን ነበረች፤ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ለምን አልገባሽም የኔ ልጅ?"

"የኔ ሰሌዳው ላይ የለም" አለች፣ ጫማዋን እያየች።

"ምንድን ነው እሱ ደግሞ..."

"ቲቸር፣ 'ኃጢአታችሁን ማንም አይጠይቃችሁም፤ እናታችሁም፣ እኔም ብሆን' ብለውናል።"

ብያለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያስተማርኩት ነው፤ ጣቴን ቀስሬ፣ ሦስት ጊዜ አስደግሜ። ወሬውን ወደ ቁርባኑ አዞርኩት።

"እሁድ እኮ ነው ቁርባኑ። ሳትናዘዢ ደግሞ..."

"አውቃለሁ። አልቆርብም።" እናቷ ነጭ ቀሚሷን ሰፍታ ጨርሳለች፤ ጠዋት በር ላይ አግኝታኝ ስለ ክሩ ሳይቀር አውርታልኛለች። ልጅቷ ግን ይህን ያለችው እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ ነው። "ይቅር የሚባለው የተጻፈው ብቻ ነው አይደል? ያልተጻፈው ይቅር አይባልም።"

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ሳስተምር ኖሬ፣ በአንድ ሰሌዳ ምሕረቱን አሥራ ሁለት መስመር ላይ አቆምኩት። አፈርኩ። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ቀሚሴ ተጎተተ። ርችት ናት።

"ቲቸር፣ ሰው ያላደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ ቢናዘዝ፣ ያም ውሸት ነው?"

"ምን ለማለት ነው?"

"አሥራ ሁለተኛውን ተናዘዝኩ። ሲጽፉት እኔን አይተውኝ ነበር፤ ካላልኩት የማልቆርብ መሰለኝ። መልአኩን ግን አልሰበርኩም። ስለዚህ ውሸት ከሆነ ቶሎ ይንገሩኝ፣ አባ ሳይሄዱ ልሰለፍ።"

ቂም የለባት፣ እንባ የላት። እንደ ሒሳብ ጥያቄ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ። "አንቺ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ነገ እነግርሻለሁ" ብያት ዞር ስል፣ አለቃችን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄዳለች።

አባን በር ላይ ጠበቅኳቸው። "አባ፣ ልጆቹን እንደገና ላምጣቸው?"

ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። "ስለ ዛሬው አንዲት ቃል አትወጣኝም መምህርት" አሉ። "ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ግን እዚሁ አለሁ።"

የዚያን ዕለት መልአኩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለቤቴ አናጺ ነው፤ ክንፉን እንዲያጣብቅልኝ ሳምንት ሙሉ ላመጣለት እያልኩ ስረሳ ነበር። ከእራት በፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አገላብጦ አየው።

"በምን ተሰበረ አልሽኝ?"

"በኳስ።"

"ኳስ ቢመታው ይወድቅ ነበር። ቢወድቅ ደግሞ አፍንጫው አይተርፍም፤ ጀሶ ነው። ይሄ ቆሞ እያለ ክንፉን ይዞ የጎተተው ሰው ነው የሰበረው። አቧራ ሲጠርጉለት ይሆናላ።" ሙጫውን እያሸ ቀና ብሎ አየኝ። "ማንን ቀጣሽ?"

ነገርኩት።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ በያ" አለና ወደ ሙጫው ተመለሰ። ይህ ሰው ሲቆጣኝ ይሻለኛል።

እራቴን ሳልበላ አሰብኩ። አቧራ የሚጠርግልኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማወቅና መጠየቅ ለየቅል ናቸው። ጠርቼ ባፋጥጣት ታምንልኛለች፤ የምታምነው ግን ለእኔ ነው፣ በፍርሃት። እሁድ ደግሞ ያው ከቁርባኑ ትቀራለች፣ ወይም እያፈረች ትቆርባለች። እኔ ማድረግ የምችለው የራሴን ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ከበደኝ፤ እውነቴን ነው። ልጆች ፊት ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሲባል የሚሰማው እኔን የሚመለከት ሆኖ ኖሯል።

ዓርብ ጠዋት መልአኩን ቦታው መለስኩት፤ ክንፉ ላይ ቀጭን የሙጫ መስመር ይታያል። ከዚያ ዳስተሩን አንስቼ አሥራ ሁለቱን መስመሮች አንድ በአንድ አጠፋሁ።

"ይሄ ዝርዝር የኔ ስህተት ነው" አልኩ። "እግዚአብሔር ሰሌዳ አያነብም። እዚህ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ይቅር ይባላል፤ ትንሹም፣ ትልቁም፣ ሌላ ሰው የተቀጣበትም።" አለቃችንን አላየኋትም። እንዳላያት አንገቴን በግድ ነው የያዝኩት። "ሌላም አለ። ርችት፣ ተነሺ።"

ተነሳች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ።

"መልአኩን አልሰበርሽም። ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ፤ እውነቱን ስትነግሪኝ ውሸታም አልኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሻማውም ያንቺ ነው።"

ርችት አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። "እሺ" አለች። ቀጥላም፣ "ታዲያ ውሸት ነው ወይስ አይደለም? ሐሙስ ያልኩት?"

"የኔ ጥፋት ነው። ቅዳሜ ለአባ ንገሪያቸው፤ ያስረዱሻል።"

አለቃችን ሳትጠራ ተነሥታ ሻማውን ከቁም ሳጥኑ አወጣች፤ በሁለት እጇ አምጥታ የርችት ዴስክ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ግን ፊቷ በእንባ ረጥቦ ነበር። ምላሴን ነክሼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ዘንድሮ እንደዚያች ደቂቃ የከበደኝ ትምህርት የለም።

ቅዳሜ ሰልፉ ተንቀራፈፈ። የሚያለቅሱም ነበሩ፣ የሚስቁም ነበሩ፣ አንዷ ገብታ ወጥታ "አንድ ረሳሁ" ብላ ተመልሳ ገባች። ለእናቱ አንድ የሆነው ልጅ ሩብ ሰዓት ቆየ፤ ምን እንዳለ እግዚአብሔርና አባ ይወቁት። አለቃችን ከሁሉም መጨረሻ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ መጋረጃውን ይዛ ትንሽ አመነታች። እኔም አብሬ ቆምኩ፤ እግሬ ሳይቀር ጸለየ። ገባች።

ስትወጣ ወደ እኔ አልመጣችም። ቀጥታ ርችት ወደተቀመጠችበት አግዳሚ ሄዳ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከችላት።

"አንቺ?!" የርችት ድምፅ ጣሪያው ድረስ ተሰማ።

ጉድ ፈላ ብዬ ተንደረደርኩ።

"አቧራ ስጠርግለት ተገነጠለ" አለች አለቃችን። "ፈራሁ። ከዚያ አንቺ ስትቀጪ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። አልካድኩም፣ ዝም አልኩ እንጂ፤ እሱ ደግሞ ሰሌዳው ላይ አልነበረም።"

ርችት ወገቧን ያዘች። "ሐሙስ እኮ ባንቺ ኃጢአት ሦስት 'አባታችን ሆይ' ደግሜያለሁ! ተንበርክኬ! ጉልበቴን እስካሁን ያመኛል!"

"እኔም አሁን ሦስት ታዝዣለሁ።"

ርችት አሰበች። ስታስብ ግንባሯ ይሸበሸባል። "በቃ፣ ነይ" አለች በመጨረሻ። "እኔ ተለማምጄዋለሁ፤ አብረን እንበለው።" ጎን ለጎን ተንበረከኩ። ርችት እንደ ልማዷ ትቸኩላለች፤ አለቃችን እጇን እየያዘች ታዘገያታለች። እኔ አምድ ጀርባ ሆኜ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም ብል ግን ውሸት ነው፤ ጨርሰው ሲነሱ ሁለቱም አዩኝ።

ርችት ወደ መናዘዣው አገጯን ቀሰረች። "ባዶ ነው ቲቸር። እርስዎስ?"

"እኔ?"

"ሰሌዳው እንደሆነ ጠፍቷል" አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የራስዎን ያስታውሱ። አይፍሩ፣ አባ አይቆጡም።"

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና ተንበረከክሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ለልጆች ያስጠናሁት መግቢያ ከአፌ ጠፋ። ከውጭ ርችት "ረሱ መሰለኝ" ስትል፣ አለቃችን "ዝም በይ፣ እንጠብቃቸዋለን" ስትላት ሰማሁ።

"አባ" አልኩ፣ "ሰሌዳው ላይ ያልጻፍኩት አንድ አለኝ።"