ወተት የገባበት ሰማይ

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የረመዳን ማብቂያ በደረሰ ቁጥር ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው ጣና ዳር ይወስዱኝ ነበር። አገጬን በመዳፋቸው ይዘው ፀሐይ ወደገባችበት ያዞሩኛል። ያችን ክር የመሰለች ጨረቃ ከሁሉ ቀድሜ የማያት እኔ ነበርሁ። ጎረቤቱ «ኡሙሰልማ ካላየቻት አልወጣችም» ይል ነበር። ያን ጊዜስ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር።

ዘንድሮ ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፍ አለ። ዓይን በምላጭ! እኔ ደግሞ ጥፋቱ የመጋቢት አቧራና የገለባ ጭስ ነው ብዬ ድርቅ አልሁ።

የልጄ ልጅ ተስኒም ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትማራለች። በብርጭቆ ውሃ አምጥታ የስልኳን መብራት አሳለፈችበት፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። ወተት ጠብ ስታደርግበት ውሃው ራሱ ነጣ፣ የግድግዳው ብርሃን ግን ደብዝዞ ቀላ።

«አዩ እማማ? ወተቱ ብርሃኑን በየአቅጣጫው በተነው። አቧራም እንዲሁ ይበትነዋል፣ ጥላሸት ደግሞ ይውጠዋል። የዓይንዎ ሞራ ግን ልክ እንደዚህ ወተት ነው።»

«ዓይኔ የወተት ዕቃ ሆነልሽ?»

«እንግዲያው እንወራረድ። ዛሬ ጨረቃዋን ካዩ የሐኪሙን ቀጠሮ እሰርዘዋለሁ። ካላዩ ከዒድ በኋላ እንሄዳለን።»

እሺ አልሁ።

ማታ ከጎረቤቱ ጋር ሐይቁ ዳር ቆምን። ፀሐይዋ እንደ በርበሬ ቀልታ ጠለቀች። ልጄ ኡበይዳ ሐሙሲት ላሉት ዘመዶቻችን ሊደውል ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። ተስኒም ድንጋይ ላይ ወጥታለች፤ «ውረጂ፣ ያዳልጣል» እያልሁ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ድንገት ከውሃው በላይ ጨረር ያላት ብርሃን ታየችኝ።

«ያቻት! ወጣች!» ብዬ ጮኽሁ።

«አላሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ ቀለጠ። ኡበይዳ ወዲያው ደወለ፤ «እማዬ አየቻት! ነገ ዒድ ነው!»

ተስኒም ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች። «እማማ፣ የአሣ አጥማጆች ጀልባ መብራት ናት።»

ሰው በእኔ ቃል ጾም ሊገድፍ!

«መልሰህ ደውል! የጀልባ መብራት ነው፣ አላየችም በላቸው!» አልሁት ኡበይዳን።

«ጭራሽ በጀልባ መብራት ዒድ ልታስከብሪን!» ብሎ ሳቀ፤ ሰዉም ተከተለው።

ጥቂት ቆይቶ እውነተኛዋ ወጣች። ሁሉም አያት፤ ኡበይዳ እንደገና ደወለ። ተስኒም አገጬን በመዳፏ ይዛ አዞረችኝ። ማንም አላስተማራትም።

«ከዛፉ በላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ።»

ባፈጥ ባፈጥ፣ ያ ብርጭቆ ብቻ። ወተት የገባበት ሰማይ። አየኋት ብል ማን ይከራከረኛል? ግን አባቴ የያዙት አገጭ ነው፤ አይዋሽም።

«አላየኋትም ልጄ» አልሁ።

መዳፏን አላነሣችም።

«ቀጠሮው መቼ ነው ያልሽኝ? ሐኪሙ ብቻ እጁ የማይንቀጠቀጥ ይሁን። ሹራብሽንም ልበሺ፣ የሐይቅ ብርድ ክፉ ነው። ለከርሞ ቀድሜሽ ነው የማያት።»