የጥምቀት ቀሚስ

የገና ዕለት ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ደምለው ካጨኝ ወዲህ የመጀመሪያው ገና ነው። በኛ አገር በደብረ ብርሃን ለእጮኛ ቀሚስ የሚላከው በገና ነው፤ ያልላከ ሰው ሐሳቡን ቀይሯል ማለት ነው። አባቴ የወረዳ ጸሐፊ ሆኖ ወደ ደምለው አገር ወደ አምበር ሲዛወር፣ ደንባችንም ከዕቃችን ጋር ተጭኖ የመጣ መስሎን ነበር።

ፀሐይ ጠለቀች። ማንም አልመጣም።

"ናቁን" አለች እናቴ።

"እስቲ ጎረቤት እንጠይቅ፤ የዚህ አገር ልማድ ሌላ ይሆናል" አለ አባቴ።

"ምን ብለን? ልጃችን ተረሳች ብለን? ገበናዬን አደባባይ አላወጣም!"

እልኸኛ ናት፤ እኔም ከእሷ አልሻልም። በማግስቱ አጎቴ አድማሴ የእጮኝነት ቀለበቴን ሊመልስ ወደ ደምለው ቤት ሲሄድ አልከለከልኩትም። ደንግጠው ሽማግሌ ይልካሉ ብዬ ነበር። ማንንም አልላኩም። ከዚያ ወዲያ ወጥ አሳርራለሁ፣ ዕቃ እሰብራለሁ። ደምለውን እወደው ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ጥምቀት ደረሰ፤ ታቦት ወጣ። ከልጃገረዶቹ መካከል አንዲት አጭር ልጅ አዲስ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከመቀነቷ በላይ ብትሰበስበውም ጫፉ አፈር ይጠርጋል። አጠገቧ የደምለው እናት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቆመዋል። ሄጄ እጅ ነሳኋቸው፤ ከልጅቱ ፈቀቅ አደረጉኝ።

"ምን በደልናችሁ፣ ጥሩብርሃን?" አሉኝ። "ቀሚስሽ እኮ ተሰፍቶ አልቆ ነበር።"

"በገና ጠብቀናችሁ ቀራችሁ።"

"በገና? ገናማ ወንዶቹ በገና ዱላ ሩር ሲለጉ የሚውሉበት ነው! እኛ ዘንድ እጮኛ የምትለብሰው ለጥምቀት ነው። ምነው ብትጠይቁ?"

"እርስዎስ ቀለበቱ ሲመለስ ለምን አልጠየቁም?"

"ያልፈለገን ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ፣ ልጄ?" ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"አሁንም ለእናቴ ልንገራት፤ አባቴም..."

"ጠላው ተጠንስሷል። ዘመድ ለአስተርዮ ማርያም ሰርግ ተጠርቷል፤ ልጄ ያለ ሙሽራ ሊቆም ነው? ሌላ ልጅ ከቁይ ከተማ አጨንለት።" ወደ አጭሯ ልጅ ዞር አሉ።

ልጅቱ ስናያት ጊዜ አፍራ ሳቀችና ቀረበችን። "ረዘመብኝ እኮ" አለችኝ።

ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ጎንበስ ብዬ ጫፉን ከአፈር አነሳሁላትና "አሳጥሪው" አልኳት።