እትዬ ጫልቱ የቆረጡት ቀን

እትዬ ጫልቱ ፊደል ቆጥረው ለመጨረስ ለገና ቀን ቆርጠው ነበር፤ ቀበሌው ደግሞ ለመስከረም ሁለት ቆረጠላቸው። በደርግ ዘመን፣ በእኛ በሲግናል መንደር፣ የማን ቀን እንደሚጸና ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ሀሁ የጀመሩት ለአብዮቱ ብለው አልነበረም። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በድብቅ በእሳቸው ጓዳ ይሰበሰባሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብላቸው ኢታና የሚባል ወጣት ነበር። በግንቦት ኢታናን ወሰዱት። ሌሎቹ ወጣቶች ፈርተው መምጣት ተዉ። የቀሩት ባልቴቶች ብቻ ሲሆኑ አንዳቸውም ፊደል አይለዩም፤ መጽሐፉን መሃል አስቀምጠው ዝም ብለው ያዩታል።

"ለገና የጌታን ልደት እኔ አነብላችኋለሁ" አሉ እትዬ ጫልቱ አንድ እሁድ። በማግስቱ ቀበሌ ሄደው መሠረተ ትምህርት ተመዘገቡ።

አስተማሪው ሠረቀብርሃን ትዕግሥተኛ ልጅ ነበር። "ቀስ ብለው ነው እትዬ፣ ለገና ይደርሳሉ" ይላቸዋል። የነሐሴ ዝናብና የእንጦጦ ብርድ አንድ ቀን አላስቀራቸውም፤ ግማሹን ፊደል ለይተውት ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ሴትየዋ ይደርሱ ነበር።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በላይነህ መጣ። ቀበሌው ለአብዮት በዓል ከመሃይምነት ነፃ እንደሚወጣ ለበላይ አካል ቃል ገብቷል። ፊደል ማስቆጠሩ ቀረና ለፈተና የሚመጣው ገጽ እንደ ዳዊት በቃል ይጠና ጀመር።

"ጓድ፣ እኔ አልጨረስኩም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል" አሉ እትዬ ጫልቱ።

"አብዮት ቆሞ አይጠብቅም፣ እማማ!"

በፈተናው ቀን ሁሉም ገጹን እንደ ውሃ ለቀቁት። አባይነሽ የምትባለው ጠላ ነጋዴማ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛ ነው ያለፈችው። መስከረም ሁለት የእትዬ ጫልቱ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ ተጨበጨበላቸው፤ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። በሳምንቱ ቢመለሱ አዳራሹ ተቆልፏል፤ ሠረቀብርሃንም ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውሯል።

"የቀረኝን ፊደል ማን ያስቆጥረኝ?" አሉት በላይነህን።

"እርስዎ እኮ ጨርሰዋል! አልችልም ብለው የሰፊውን ሕዝብ ድል ሊያራክሱ ነው?"

ደግመው ለመጠየቅ ፈሩ። ማንበብ ለምን እንደፈለጉ ቢመረመር መዘዙ ለሁሉም ይተርፋል።

ለገና ባልቴቶቹ ነጭ ለብሰው መጡ። የሁሉም ታላቅ እትዬ አስቴር መጽሐፉን አንስተው እትዬ ጫልቱ ጭን ላይ አኖሩት።

"አንብቢልን እንግዲህ።"

እትዬ ጫልቱ ገለጡት። አንዱን ፊደል ያውቁታል፣ ቀጥሎ ያለውን አያውቁትም። ቃል አልሆን አላቸው።

"አልችልም፣ እህቶቼ። ያሳለፉኝ በውሸት ነው።"

"ስምሽን በማጉያ ሰምተን?" አሉ እትዬ አስቴር። "ሲያጨበጭቡልሽ ሰምተን? ለእነሱ አንብበሽ ለጌታ ሲሆን ፈራሽ?"

እትዬ ጫልቱ አለቀሱ፤ በልጆቻቸው ማሉ። ባልቴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

በሚቀጥለው እሁድ ማንም አልመጣም።